ካርዱ አልሞተም ነበር፦ ኮምፒዩተር የሚነሳበት መንገድ አጭር ታሪክ

በዚህ እትም ስለ ታሪክ ልጽፍላችሁ ተነስቻለሁ። ታሪክ ስል ግን የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ አይደለም። አንድ ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ካገኘበት ቅጽበት ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ሥዕል እስኪመጣ ድረስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ይህም አሠራር ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ነው የማወራችሁ። “ይህ ለእኛ ለስደተኞች ምን ይጠቅመናል?” የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እንደዚያ ባይ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጅቡቲ ከተማ ማታ ማታ ልጆች በምናስተምርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ራስበሪ ፓይ የምትባል፣ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም የማትበልጥ ኮምፒዩተር ነበረችን። ያለ ኢንተርኔት ትምህርት ታድላለች፤ ልጆቹ በአሮጌ ስልክና በአሮጌ ላፕቶፕ እየገቡ ያነባሉ፣ ቪዲዮ ያያሉ። ከትምህርቱ በተጨማሪ በእሷ ሜሞሪ ካርድ ላይ እኛ መምህራን በአማርኛ የተየብናቸው የሒሳብና የሳይንስ ማስታወሻዎች፣ እንዲሁም የተማሪዎቹ ውጤት ነበሩ። ሁለት ዓመት ገደማ የፈጀ ሥራ ነው።

ካምሲን በሚነፍስበት በአንድ የበጋ ሳምንት ቦርዷ ሞተች። በሙቀት ይሁን በኤሌክትሪኩ መዋዠቅ እንጃ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ደግ ሰው አዲስ ቦርድ ሰጡን። እሷም ራስበሪ ፓይ ናት፤ ግን አራተኛው ትውልድ። ካርዱን ከአሮጌዋ አውጥቼ አዲሷ ላይ ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ፣ አረንጓዴው ብልጭ ብልጭ አለ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። በመጨረሻ ካርዱን ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ላፕቶፑም “ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉት” የሚል መልእክት አወጣ። በቃ፣ ካርዱ ተበላሽቷል ብዬ ፈረድኩ። ፎርማት አደረግኩት፤ አዲስ ሲስተም ጫንኩበት። አዲሷ ቦርድ ወዲያው ተነሳች። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ተደሰትኩ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪዬ መጣችና “ቲቸር፣ የኔ ማርክስ?” አለችኝ። ወላጆቿ ሌላ አገር ሊሄዱ ነበርና የተማረችበትን ማስረጃ ፈልጋ ነው። የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ካርዱ ምንም አልሆነም ነበር። የተለየው ቦርዱ ነው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ መልቀም እንኳ አልቻልኩም። ታዲያ ካርዱ ደህና ከሆነ አዲሷ ቦርድ ለምን አልተነሳችም? መልሱ በታሪኩ ውስጥ ነው ያለው።

ጫማን በማሰሪያው ይዞ መነሳት

ኮምፒዩተር ሲነሳ “ቡት አደረገ” እንላለን። ቃሉ የመጣው ከእንግሊዝኛው የጫማ ማሰሪያ ነው፤ ሰው የራሱን ጫማ ማሰሪያ ይዞ ራሱን ወደ ላይ ሊያነሳ ሲሞክር አስቡት። ይህን የመሰለ የማይሆን ነገር ለምን ለኮምፒዩተር ስም ሆነ? የኮምፒዩተር ዋና ማስታወሻ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ሲበራ ፕሮግራሙን ከዲስክ ማንበብ አለበት። ግን ለማንበብ ራሱ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ዶሮ ቀደመች ወይስ እንቁላል እንደሚባለው መሆኑ ነው።

የድሮዎቹ ሰዎች ይህን በእጃቸው ነበር የሚፈቱት። በ1975 የወጣው አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒዩተር ፊት ለፊቱ ላይ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረውበታል። ባለቤቱ እነሱን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ የመጀመሪያዋን አጭር ፕሮግራም ቁጥር በቁጥር ያስገባል። ያቺ አጭር ፕሮግራም ትልቁን ፕሮግራም ታነባለች። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ግን እንደገና ከሀ ነው።

በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ያቺን የመጀመሪያ ፕሮግራም ቦርዱ ላይ በተቀመጠ ቺፕ ውስጥ አስቀመጣት። ስሟ ባዮስ ነው። ባዮስ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ትነቃለች፣ ዕቃዎቹን ትፈትሻለች፣ ከዚያ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብባ ሥራውን ለዚያ ታስረክባለች። ኮምፓክን የመሳሰሉ ሌሎች ኩባንያዎችም ይህንኑ ሥርዓት ተከትለው ሠሩ። ስለዚህ በየቤቱና በየቢሮው የገቡት ኮምፒዩተሮች ሠሪያቸው ይለያይ እንጂ አነሳሳቸው ተመሳሳይ ሆነ። ብዙዎቻችን ሃርድ ዲስክ ከአንዱ ነቅለን ሌላው ላይ ሰክተን ሲሠራ አይተናል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ልማድ ነው። ትንንሾቹ ቦርዶችም እንደዚያው መሰሉኝ።

ባቡሩና ሐዲዱ

የትንንሾቹ ቦርዶች ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሊኑክስን ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሲጀምረው ለዚያው ለአይቢኤም ዘመድ ለሆነ ኮምፒዩተር ነበር። በኋላ ሰዎች ወደ ሌሎች ማሽኖች አሸጋገሩት፦ ወደ ኔትወርክ ማከፋፈያ፣ ወደ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ ወደ ስልክ። በእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኤአርኤም የሚባለው የቺፕ ዓይነት ነው። እዚያ ባዮስ የለም። ሜሞሪው የት እንደሚጀምር፣ የካርድ ማስገቢያው በየትኛው አድራሻ እንዳለ፣ የትኛው ሽቦ መብራቱን እንደሚያበራ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ ይወስናል።

ሆልሆልና አሊ ሳቢህ አካባቢ ያላችሁ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። የድሮው ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር፤ አዲሱም ይደርሳል፤ ሁለቱም ባቡር ናቸው። የድሮውን ባቡር አዲሱ ሐዲድ ላይ ብታስቀምጡት ግን አይሄድም። ባቡሩ ተበላሽቶ ነው? አይደለም። ሐዲዱ ሌላ ነው። የእኔም ካርድ የድሮ ባቡር ነበር፤ አዲሷ ቦርድ አዲስ ሐዲድ።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተነሱት አንዱ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ ነው። ማግነስ ዳም የሚባል ፕሮግራመር ለአንድ የቺፕ ቤተሰብ የጻፈውን ትንሽ ማስነሻ መሠረት አድርጎ በ2000 ፒፒሲቡት የሚባለውን ለሕዝብ አወጣ። በ2002 ሌሎች ቺፖችንም እንዲያስነሳ ተደርጎ ስሙ ዩ-ቡት ሆነ። ዩ-ቡት ቦርዱ ሲበራ ሜሞሪውን ያዘጋጃል፤ የሊኑክስን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ከካርድ ወይም ከኔትወርክ ፈልጎ ያመጣል፤ ከዚያ ሥራውን ያስረክባል። የት መፈለግ እንዳለበት የሚነግሩት ደግሞ ሰው አንብቦ ሊለውጣቸው የሚችል የጽሑፍ መስመሮች ናቸው። ዛሬም በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ቦርዶች የሚነሱት በእሱ ነው።

አስነሺው ተገኘ። ከርነሉ ግን አሁንም “እኔ የትኛው ቦርድ ላይ ነው ያለሁት?” ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው መልስ ቁጥር ነበር። በራስል ኪንግ የሚመራው የሊኑክስ ኤአርኤም ክፍል ለእያንዳንዱ ቦርድ መለያ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ከፈተ። አስነሺው ፕሮግራም ቁጥሩን ለከርነሉ ያቀብላል፤ ከርነሉም በሆዱ ከያዛቸው ፋይሎች ውስጥ ለዚያ ቁጥር የተጻፈውን ያወጣል። መቶ ቦርድ ሲሆን ያስኬዳል። ቦርዱ ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ፋይል እየጨመረ ከርነሉ ተዝረከረከ።

ኢትዮጵያ የገቡት አረንጓዴ ላፕቶፖች

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። በ2008 ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ኤክስኦ የሚባሉ አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች ኢትዮጵያ ገብተው በጥቂት ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ታድለው ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ፕሮጀክት ውጤቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 256 ሜጋባይት ሜሞሪና 1 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ነው ያላቸው፤ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነው። የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸዋል።

ብዙ ሰው ያላየው ነገር የእነዚህን ላፕቶፖች አነሳስ ነው። ውስጣቸው የነበረው ማስነሻ ኦፕን ፈርምዌር ይባላል። የሠራው ሚች ብራድሊ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ጅማሬውም ቀደም ሲል ሰን በተባለው ኩባንያ ሳለ ነው፤ በ1994 ደግሞ ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ደረጃ ሆኖ ወጥቶለታል። የብራድሊ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከርነሉ ቦርዶችን በቃሉ ከሚሸመድድ፣ ቦርዱ ራሱ ስላለው ዕቃ የሚናገር ዝርዝር ያቅርብ።

በኤክስኦ ቦርድ ላይ ባለችው ትንሽ ቺፕ ውስጥ አጫጭር መለያዎች ተጽፈዋል። አንዱ የላፕቶፑ ተከታታይ ቁጥር ነው፤ አንዱ የሚነሳበት ቋንቋ፤ አንዱ የኪቦርዱ ዓይነት። ሲስተሙ ሲነሳ እነዚህን ያነባል። አንድ ዓይነት ሲስተም ወደ ፔሩም ወደ ኢትዮጵያም ሊሄድ የሚችለው በዚህ ነው፤ ስፓኒሽ ይሁን አማርኛ የሚለውን የሚወስነው ቦርዱ ላይ የተጻፈው መለያ ነው። አንድ ልጅ ቁልፉን ሲጫን “ሀ” የሚወጣለት ሰው የማያያቸው ጥቂት ፊደላት በቺፑ ላይ በትክክል ስለተጻፉ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። የመጀመሪያው ኤክስኦ የተሠራው በኤኤምዲ ቺፕ ነበር። በኋላ የወጣው ኤክስኦ 1.75 ግን በኤአርኤም ቺፕ ሆነ። ከውጭ ስታዩት ያው አረንጓዴ ላፕቶፕ ነው፤ የአንዱን ሲስተም ግን ለሌላው ብትሰጡት አይነሳም። መልክ አያስተማምንም ማለት ነው።

የ2011 ቁጣና የንብረት መዝገቡ

በማርች 2011 ሊኑስ ቶርቫልድስ በኤአርኤም በኩል ያለውን የፋይል መዝረክረክ አይቶ በአደባባይ ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ነው ገንቢዎቹ የብራድሊን የቆየ ሐሳብ በሙሉ ልብ የያዙት። ዲቫይስ ትሪ ይባላል፤ ቃል በቃል “የዕቃዎች ዛፍ” ማለት ነው። እኔ ግን ለተማሪዎቼ “የንብረት መዝገብ” እያልኩ ነው የማስረዳው። አዲስ የመጋዘን ሠራተኛ ሥራ ሲረከብ መዝገብ ይሰጠዋል፦ እዚህ መደርደሪያ ላይ ዱቄት አለ፣ እዚያ ጥግ ዘይት አለ። ሠራተኛው መጋዘኑን ከዚያ በፊት አይቶት ባያውቅም መዝገቡን ይዞ ይሠራል። ዲቫይስ ትሪም እንዲሁ ነው፦ በዚህ አድራሻ የካርድ ማስገቢያ አለ፣ በዚያ አድራሻ የኔትወርክ ቺፕ አለ ብሎ ለከርነሉ ይነግረዋል። በዲሴምበር 2012 የወጣው ሊኑክስ 3.7 አንድ ከርነል የተለያዩ የኤአርኤም ቦርዶችን እንዲያስነሳ መንገድ ከፈተ። ከርነሉ አንድ፣ መዝገቡ ብዙ ሆነ።

ግን ልብ በሉ። መዝገቡ ከጠፋ ወይም የሌላ መጋዘን ከሆነ ሠራተኛው ዱቄት ብሎ ዘይት ያነሳል።

ወደ እኔ ካርድ ስንመለስ

ራስበሪ ፓይ ገበያ ላይ የወጣችው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ነው። የእሷ አነሳስ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መጀመሪያ የሚነቃው ዋናው ቺፕ ሳይሆን ሥዕል የሚሠራው ክፍል ነው። እሱ ካርዱ ላይ ካሉት ፋይሎች “ስታርት” የሚባለውን ያነባል፤ ቀጥሎ “ኮንፊግ” የሚባለውን የጽሑፍ ፋይል ተመልክቶ ስክሪኑ እንዴት ይሁን፣ የትኛው ከርነል ይነሳ የሚለውን ይወስናል፤ ከዚያ የንብረት መዝገቡንና ከርነሉን ጭኖ ያስረክባል።

ትውልዱ ሲቀየር ፋይሉም ይቀየራል። የመጀመሪያዋ የምትፈልገው ከርነል ተራ ስም አለው፤ በ2015 የወጣችው ሁለተኛዋ በስሙ ላይ 7 ቁጥር ያለበትን ትፈልጋለች፤ ባለ 64 ቢቱ ደግሞ 8 አለው። በጁን 2019 የወጣችው አራተኛዋ የባሰ ለውጥ አመጣች። የመጀመሪያው እርምጃ ከካርዱ ወጥቶ ቦርዱ ላይ ወዳለ ትንሽ ቺፕ ገባ፤ ያም ቺፕ ካርዱ ላይ የሚፈልገው “ስታርት 4” የሚባል ፋይል ነው። ከ2019 በፊት በተዘጋጀ ካርድ ላይ ይህ ፋይል የለም።

የእኔ ካርድ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ነበር። ያቺ አረንጓዴ መብራት ዝም ብላ አይደለም ብልጭ ብልጭ ስትል የነበረው። አራት ጊዜ ትበራለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ አራት ጊዜ። አራት ብልጭታ ማለት “የስታርት ፋይሉን አጣሁት” ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትነግረኝ ነበር፤ ቋንቋዋን አላወቅኩም።

ዊንዶውስ “ፎርማት ያድርጉት” ያለውስ? የሊኑክስ ካርድ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ትንሽ ነው፤ ዊንዶውስ ያነበዋል። ሁለተኛው የሊኑክስ ዓይነት ስለሆነ ዊንዶውስ አያውቀውም። የማያውቀውን ነገር “ፎርማት ይደረግ” ይላል። ማስታወሻዎቻችንና ማርኮቹ በሙሉ እዚያ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነበሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በየካምፑ ኮምፒዩተር ክፍል ያላችሁ መምህራን፣ ዕቃችሁ እንደ እኛ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ከጥፋቴ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ ቦርድ አልነሳ ሲል ካርዱን ፎርማት አታድርጉ። ዊንዶውስ ቢጠይቃችሁም “አይሆንም” በሉት።

ሁለተኛ፣ መብራቷን ቁጠሩ። ራስበሪ ፓይ ላይ አራት ከሆነ የስታርት ፋይል ጠፍቷል፤ ሰባት ከሆነ ከርነሉ ጠፍቷል። ሁለቱም ካርዱ ሞቷል ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የቦርዱን ሙሉ ስም ከቦርዱ ላይ አንብቡ፤ በፕላስተር ጽፋችሁ ካርዱ ማስቀመጫ ላይ ለጥፉ፦ ለየትኛው ቦርድ፣ መቼ የተዘጋጀ። ዛሬ የሚወጡት ካርዶች ለብዙ ትውልዶች የሚሆኑ ፋይሎችን አብረው ይይዛሉ፤ ኮንፊግ ፋይሉም በቅንፍ የቦርዱን ስም ጽፋችሁ ለአንዱ ትውልድ አንድ ትእዛዝ፣ ለሌላው ሌላ ትእዛዝ እንድትሰጡ ይፈቅዳል።

አራተኛ፣ ሲስተሙን ከካርድ ወደ ፍላሽ ስታዛውሩ የማከማቻው ስም እንደሚቀየር አስታውሱ። የማስነሻው መስመር አሁንም የካርድ ማስገቢያውን ስም የሚጠራ ከሆነ ከርነሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሊለቅም ይሄዳል። በማስገቢያው ስም ፋንታ የክፍሉን ልዩ መለያ ቁጥር ጻፉ፤ የትም ቢሰካ ይገኛል።

አምስተኛ፣ አዲስ ቦርድ ስታገኙ ለእሷ አዲስ ካርድ አዘጋጁ። ስትነሳ አሮጌውን ካርድ በዩኤስቢ ማንበቢያ ሰክታችሁ ፋይሎቻችሁን ቅዱ። ሊኑክስ የሊኑክስን ክፍል ያነባል። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነበር።

ስድስተኛው የኮምፒዩተር ምክር አይደለም። የተማሪ ውጤት አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። ስደተኛ ተማሪ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ያቺን ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ያቺ ልጅ ከመሄዷ በፊት በሁለት ቀን ውስጥ እንደገና ፈተንኳት። ቁጭ ብላ ሠራች፤ አልተቆጣችኝም። ውጤቷን በእጄ ጽፌ ፈርሜ ሰጠኋት። የሌሎቹን ማስታወሻዎች አሁንም እየተየብን ነው፤ ግማሹ እንኳ አላለቀም። አዲሱ ካርድ ማስቀመጫ ላይ ግን ፕላስተር ተለጥፏል፤ አጠገቡም ማርክ የሚጻፍበት አንድ ደብተር አለ።

ቸር ይግጠመን።